የሐና እንባና የጃንደረባው ስም

በአገራችን ሙሽሮች ሲመረቁ ከሽማግሌ አፍ ቀድሞ የሚወጣው ቃል «ውለዱ፣ ክበዱ» የሚል ነው። ምርቃቱ መልካም ነው፤ «አሜን» ሳይል የሚያልፈው የለም። ይሁን እንጂ ዓመት በዓመት ላይ ሲደረብና ምርቃቱ ሳይደርስ ሲቀር፣ ያው የደስታ ቃል በባልና በሚስት ቤት ውስጥ ጥያቄ ሆኖ ይቀመጣል። ዘመድ ይጠይቃል፤ ጎረቤት ይጠይቃል፤ በአፉ የማይጠይቀውም በዐይኑ ይጠይቃል። ሴት «የእገሌ እናት» ተብላ በልጅዋ ስም በምትጠራበት አገር ልጅ ማጣት ስም ማጣትም ነው።

ይህ ኀዘን ለቅሶ ቤት የለውም። ሰው ሲሞት ድንኳን ይተከላል፤ ዕድርተኛ ይሰበሰባል፤ ሠልስት ይወጣል፤ ዐርባ ይቆጠራል። ያልመጣን ልጅ ግን ማን ያለቅስለታል? ሬሳ በሌለበት ቀብር የለም፤ ቀብር በሌለበትም «እግዜር ያጽናችሁ» የሚል አይመጣም። ሐዘንተኞቹ ሌላው ሰው ሲወልድ የእንኳን ማርያም ማረችሽ ገንፎ እየበሉ፣ የሌላውን ልጅ ክርስትና እየታደሙ፣ ለቅሶአቸውን በየጓዳቸው ያለቅሳሉ።

ውድ አንባቢ፣ ክርስትና በሁለት ሺህ ዓመት ታሪኩ ለእነዚህ ሰዎች ምን አላቸው? ታሪኩን በጥሞና የመረመረ ሰው ሁለት ዐይነት ማጽናኛ ያገኛል። አንደኛው በየዐውደ ምሕረቱ የሚሰበከው፣ በልጅ መወለድ የሚፈጸመው ነው። ሁለተኛው ልጅ ሳይወለድም የሚጸና ነው፤ እምብዛም አይነገርም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የመጀመሪያውን አክብሮ ሁለተኛውን ከተረሳበት ማንሣት ነው።

የመጀመሪያው ማጽናኛ እናት ሐና ናት፤ በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ መግቢያ ላይ የምናገኛት። ባልዋ ሕልቃና ሁለት ሚስቶች ነበሩት፤ ፍናና ወልዳለች፣ ሐና አልወለደችም። በየዓመቱ ወደ ሴሎ ለመሥዋዕት ሲወጡ ፍናና ታስቆጣት፣ እርስዋም ታለቅስና እህል አልቀምስም ትል ነበር። ባልዋ ይወድዳታል፤ ሊያጽናናትም ሞከረ። ነገር ግን ማጽናኛው ራሱን ከብዙ ልጆች ጋር በሚዛን አስቀምጦ «እኔ አልበቃሽምን?» የሚል ዐይነት ጥያቄ ሆነ። ሐና ምን ብላ እንደመለሰችለት መጽሐፉ አይነግረንም። ምናልባት መልስ ስላልነበራት ይሆናል፤ እርስዋ ያጣችው ባል አልነበረምና። ከዚያም ወደ መቅደሱ ሄዳ ከንፈርዋን ብቻ እያንቀሳቀሰች በልብዋ ስትጸልይ፣ ካህኑ ዔሊ ሰክራለች ብሎ ገሠጻት።

በዚህ አጭር ታሪክ ውስጥ የሚወድድ ባል አለ፤ የሚያገለግል ካህንም አለ። ሁለቱም በመጀመሪያው ሙከራቸው ስተዋል። አንዱ ኀዘንዋን በራሱ ሊተካው ፈለገ፤ ሌላው ጸሎትዋን እንደ ነውር ቈጠረው። ጸሐፊው ይህን አለመሸሸጉ የሚደነቅ ነው። የዔሊ ክብር ደግሞ ስሕተቱን በሰማ ጊዜ ተግሣጹን ወደ ቡራኬ መለወጡ ነው፤ በሰላም ሂጂ፣ ልመናሽን አምላክ ይስጥሽ ብሎ ሰደዳት። እዚህ ላይ ብዙ ሰባክያን ዘልለውት የሚያልፉት ነገር ይገኛል። ሐና እህል የቀመሰችው፣ ፊትዋም የተፈታው ሳሙኤል ከመጸነሱ በፊት ነው። የተለወጠው ገና ማሕፀንዋ አልነበረም፤ የሚሰማትና የሚባርካት ሰው ማግኘትዋ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ387 በአንጾኪያ ከተማ ሕዝቡ በግብር ምክንያት ዐምፆ የንጉሠ ነገሥቱን የቴዎዶስዮስን ምስሎች አፈረሰ። ከተማይቱ የንጉሡን ቅጣት በፍርሃት ስትጠባበቅ ያጽናናት ካህን ዮሐንስ አፈ ወርቅ ነበር። ያ ማዕበል ካለፈ በኋላ በዚያው ዓመት ስለ ሐና ተከታታይ ስብከቶችን ሰበከ፤ ስለ ጸሎትዋ ጽናትና ልጅን ስለ ማሳደግ ኀላፊነት። በኀዘን ላይ የሰነበተ ሕዝብ የአንዲት ሴት የግል እንባ ትምህርት እንዲሆነው መቅረቡ፣ ሐና ከጥንት ጀምሮ በቤተ ክርስቲያን የነበራትን ስፍራ ያሳያል።

ሁለተኛዋ ሐና የእመቤታችን እናት ናት። ስለ እርስዋና ስለ ባልዋ ስለ ኢያቄም የሚተርከው ጥንታዊ መጽሐፍ በሐዋርያው ያዕቆብ ስም የሚጠራውና በ2ኛው መቶ ዓመት የተጻፈው ነው። በዚያ ትረካ ኢያቄም መባውን ይዞ ወደ መቅደስ በወጣ ጊዜ፣ በእስራኤል ዘር ያልተካህ አንተ መባህን ቀድመህ ልታቀርብ አይገባህም ተብሎ ተከለከለ፤ ከኀፍረቱም የተነሣ ወደ ምድረ በዳ ሸሸ። ሐናም በዛፍ ላይ የወፍ ጎጆ አይታ አእዋፍ እንኳ የሚራቡ ሆነው ሳለ ብላ አለቀሰች። በትረካው ውስጥ ኢያቄምን ያሳፈረው አምላክ አለመሆኑን ልብ ይሏል። መባውን የከለከለው ሰው ነው፤ ጸሎቱን የሰማው ደግሞ አምላክ። ግንቦት 1 ቀን ልደታ ሲከበር፣ ከቤት ወጥቶ በዛፍ ሥር ንፍሮ እየቈረጠሙ፣ ዳቦ እየቈረሱ፣ ቡና እያፈሉ የሚመሰገነው በዚህ ከኀፍረት በኋላ በመጣ ደስታ ነው።

የአገራችንም ገድላት በዚሁ መንገድ ይሄዳሉ። የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ወላጆች ጸጋ ዘአብና እግዚእ ኀረያ ልጅ አጥተው የኖሩ፣ በምጽዋትና በጸሎት የተጉ መሆናቸውን ገድሉ ይተርካል። ራስ መኮንን ወዳሠሩት ወደ ቁልቢ ገብርኤል ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ቀን ከሚጓዘው ሕዝብ መካከል ልጅ ለመለመን ወይም ስለተገኘው ልጅ ስለት ለማግባት የሚሄደው ቍጥር የለውም። ሕፃናት በዚያ ክርስትና ይነሣሉ፤ ጃንጥላው፣ ጧፉ፣ ወርቁ ይገባል። የስማችንንም መዝገብ ብንገልጥ ይኸው ነው፦ ምትኩ፣ ካሳ፣ ማስረሻ፣ ተካ። በእነዚህ ስሞች ውስጥ ከዚያ በፊት የሞተ ልጅ ወይም የዘገየ ተስፋ እንዳለ ስሙን የሰማ ያውቃል። በልጁ ስም ውስጥ ኀዘኑን አስቀምጦ ዕድሜ ልክ እየጠራ የሚጽናና ሕዝብ ነው።

ይህ ሁሉ የተቀደሰ ነው። ነገር ግን አንድ ከባድ ጥያቄ ይቀራል። ልጅዋን አዝላ ስለትዋን ለማስገባት ከምትወጣው ሴት አጠገብ ለዐሥረኛ ዓመት ባዶ እጅዋን የምትወጣ ሌላ ሴት አለች። የሳራ፣ የርብቃ፣ የራሔል፣ የሐና፣ የኤልሳቤጥ ታሪክ ሁሉ በልደት ስለሚፈጸም፣ ይህች ሴት ስብከቱን በሰማች ቍጥር ከማጽናኛው ውስጥ ክስ ትሰማለች፤ እነዚያ ጸልየው አገኙ፣ እኔስ ምን ጐድሎብኝ ነው? ትላለች። ቅዱስ ሉቃስ ለዚህ አስቀድሞ መልስ የሰጠ ይመስላል። ዘካርያስንና ኤልሳቤጥን ሲያስተዋውቀን በመጀመሪያ ሁለቱም ጻድቃንና ነቀፋ የሌለባቸው መሆናቸውን፣ ቀጥሎ ልጅ እንዳልነበራቸው ይናገራል። ቅደም ተከተሉ በከንቱ አልተጻፈም። ልጅ ማጣትን የኀጢአት ደመወዝ አድርጎ የሚፈርድ ሰው ገና በመጀመሪያው ምዕራፍ ተረትቷል።

ከመጽሐፍ ወጥተን ወደ ዓለም ታሪክ ብንመለከት፣ የዚህ እውነት ዋጋ የበለጠ ይገለጣል። በጥንታዊት ሮም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት ስፑርዮስ ካርቪልዮስ የተባለ መኰንን ሚስቱን አልወለደችም ብሎ እንደፈታት ጸሐፊዎቻቸው ይተርካሉ፤ በሮም የመጀመሪያው ፍቺ ነው ተብሎም ተወርቶለታል። አውግስጦስ ቄሣር ደግሞ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ18 ዓመትና ከልደት በኋላ በ9 ዓ.ም. በወጡት ሕጎች ያላገቡትንና ያልወለዱትን በውርስ ቀጣቸው፤ አግብቶ ያልወለደ ሰው ከተናዘዙለት ሀብት እኩሌታው ይቀርበት ነበር። በዚህ ሕግ ፊት ልጅ የማይፈልገውና ልጅ እየለመነ ያላገኘው አንድ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ320 ይህን ቅጣት የሻረው ንጉሥ ቈስጠንጢኖስ ነው። የታሪክ ጸሐፊው አውሳብዮስ የንጉሡን ሥራ ሲያመሰግን የሰጠው ምክንያት ልብ ይነካል፤ ብዙዎች ልጅ ያጡት ስላልፈለጉ ሳይሆን የሰውነት ድካም ስለከለከላቸው ነውና እነዚህን መቅጣት በኀዘናቸው ላይ ሌላ ጭካኔ መጨመር ነው የሚል ነበር። በእርግጥ ሕጉ የተሻረው ለድንግልና ለምንኵስና ክብር ሲባልም ነው። ሆኖም ልጅ ማጣት በደል አለመሆኑ በአደባባይ የተነገረበት ይህ ቀን ሊታወስ ይገባዋል።

ከሰማንያ ዓመት ገደማ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ401 አካባቢ፣ በሰሜን አፍሪካ የሂፖ ጳጳስ የነበረው አውግስጢኖስ ስለ ጋብቻ መልካምነት በጻፈው መጽሐፍ ይህንኑ ወደ ቤት ውስጥ አገባው። ጋብቻ ልጅ ለማግኘት ቢመሠረትም እንኳ ልጅ በመታጣቱ አይፈርስም፤ መካን ሚስትን ፈትቶ የምትወልድ ማግባት አይገባም አለ። ዛሬ ይህ ቃል ደረቅ ሕግ ሊመስለን ይችላል። በዚያ ዘመን ላለች ሴት ግን ሕጉ ጣሪያ ነበር። ባልዋ ወደ ሌላ በር እንዳይሄድ ሕጉ የሚከለክላት ሴት ቢያንስ ኀዘንዋን በራስዋ ቤት ማልቀስ ትችላለች።

አሁን ወደ ሁለተኛው ማጽናኛ እንድረስ። በኦሪት ሕግ ስልብ ሰው ወደ ጉባኤ እንዳይገባ ተከልክሎ ነበር። ጃንደረባ ዘር የለውም፤ ዘር የሌለውም ከሞተ በኋላ የሚጠራው የለም። ነቢዩ ኢሳይያስ በ56ኛው ምዕራፍ ግን ለዚህ ሰው የተለየ ቃል አመጣ። ጃንደረባው ራሱን እንደ ደረቀ ዛፍ አይቍጠር፤ ጌታ በቤቱና በቅጥሩ ውስጥ ከወንዶችና ከሴቶች ልጆች የሚሻል መታሰቢያና የማይጠፋ ስም ይሰጠዋልና። ተስፋው ልጅ እንደሚወልድ አይደለም። ነቢዩ ደረቁ ዛፍ ነገ ያፈራል አላለም፤ በቤቴ ውስጥ ስፍራ አለህ አለ እንጂ። «መታሰቢያና ስም» የሚለው የዕብራይስጥ ቃል «ያድ ቫሼም» ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1953 በኢየሩሳሌም የተቋቋመው፣ በናዚዎች የተጨፈጨፉትን አይሁድ የሚዘክረው ተቋም ስሙን የወሰደው ከዚሁ ነው። ብዙዎቹ ስማቸውን የሚጠራ ዘር ሳይተርፍላቸው ጠፍተዋልና።

ይህን ትንቢት ማን ቀድሞ ለበሰው ቢባል፣ በሐዋርያት ሥራ 8ኛ ምዕራፍ የምናገኘው የህንደኬ ሹም ነው። በዚያን ጊዜ ግሪኮች «ኢትዮጵያ» የሚሉት ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን ምድር ሲሆን ህንደኬ የሚለውም የሜሮዌ ንግሥቶች ማዕረግ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያናችን ግን ሰውየውን ከጥንት ጀምሮ የራስዋ በኵር አድርጋ ታስበዋለች፤ በትውፊትም ባኮስ ትለዋለች። ይህ ሰው ግምጃ ቤት በእጁ ነው፤ ሠረገላ አለው፤ መጽሐፍ ገዝቶ ያነባል። የሌለው ልጅ ነው። ከኢየሩሳሌም ሲመለስ የሚያነበው ኢሳይያስን ነበር፤ ያውም 53ኛውን ምዕራፍ፣ ትውልዱን ማን ይናገራል ስለሚባልለት ስለዚያ መከረኛ አገልጋይ። ትውልድ የሌለው ሰው ትውልዱ ስለተቈረጠበት ሰው እያነበበ «ይህ ስለ ማን ነው?» ብሎ መጠየቁ የአንባቢ ጥያቄ ብቻ አይመስልም። ጥቅልሉን ጥቂት ቢያዞረው ደግሞ የሚደርሰው ስለ ጃንደረቦች በተነገረው ተስፋ ላይ ነው። ፊልጶስ ትፀንሳለህ፣ ትወልዳለህ አላለውም፤ ወደ ሠረገላው ወጥቶ አብሮት ተቀመጠ። ሰውየውም ተጠምቆ ደስ እያለው መንገዱን ሄደ። በ2ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የጻፈው ሄሬኔዎስ ይህ ሰው ለአገሩ ሰባኪ ሆኖ እንደሄደ ይናገራል። ስሙ እስከ ዛሬ ይጠራል፤ የሚጠራው ግን ልጅ አይደለም።

ወደ ቅርቡ ታሪካችን ብንመለስ እቴጌ ጣይቱ ብጡልን እናገኛለን። በ1875 ዓ.ም. ከምኒልክ ጋር ተጋቡ፤ በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባን ሰየሙ፤ በ1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ዘውድ ጫኑ፤ በ1888 ዓ.ም. ወደ ዐድዋ ዘመቱ። ከምኒልክ ግን ልጅ አልወለዱም። የቤተ መንግሥት ሴት ልጅ ማጣትዋ የጓዳ ኀዘን ብቻ ሆኖ አይቀርም። በ1901 ዓ.ም. አልጋው በምኒልክ ሴት ልጅ በኩል ለተወለዱት ለልጅ ኢያሱ እንዲሆን ሲታወጅ፣ በመጋቢት 1902 ዓ.ም. ደግሞ እቴጌይቱ ከሥልጣን ሲገለሉ፣ በአልጋው ላይ የሚቆምላቸው የአብራካቸው ክፋይ አልነበረም። በ1906 ዓ.ም. ምኒልክ ካረፉ በኋላ ወደ እንጦጦ ማርያም ወጡ፤ በየካቲት 1910 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስም የዘውድ በዓላቸው በተከበረበት በዚያው ደብር አጠገብ በጸሎት ኖሩ።

«የጣይቱ ልጅ አዲስ አበባ ናት» ብሎ ታሪኩን ማሳመር ቀላል ነው፤ ብዙ ሰውም ይለዋል። ነገር ግን ይህ የሕልቃና ስሕተት በሌላ መልክ ነው። ከተማ ልጅን አይተካም፤ ሥራም፣ ሀብትም፣ ሹመትም አይተካውም። ኢሳይያስ ለጃንደረባው ምትክ አልሰጠውም፤ ኀዘኑንም አልካደበትም። የሰጠው ስም ነው፤ ስፍራውም በቤቱ ውስጥ ነው፣ በደጅ አይደለም። ማጽናኛ የጐደለውን ሞላሁ ማለት የለበትም። የጐደለበት ሰው ከማዕዱ እንዳይነሣ ቦታውን መጠበቅ ይበቃዋል።

ሕዝባችን ይህን ጥበብ ጨርሶ አልዘነጋውም። ክርስትና እናትና ክርስትና አባት መሆን ልጅ ያልወለደውን ሰው በእውነተኛ ዝምድና ያስተሳስረዋል፤ የክርስትና ልጅ ዓመት በዓል ሲመጣ ደጅ ያንኳኳል። የጡት ልጅ ልማድ፣ ኦሮሞዎች ጉዲፈቻ የሚሉትና የ1992 ዓ.ም. የቤተሰብ ሕግም በዚሁ ስም የተቀበለው ሥርዓት፣ ዝምድና በደም ብቻ እንደማይቈጠር ይመሰክራል። የንስሐ አባትም ቢያውቅበት ይህን ምስጢር ያለ ኀፍረት የሚሰማ ጆሮ ነው። ችግሩ እነዚህን መልካም ነገሮች «ስለዚህ አታልቅሺ» ለማለት ስንጠቀምባቸው ነው።

ዛሬ ዕውቀት ጨምሯል። እ.ኤ.አ. በ1978 በእንግሊዝ አገር የመጀመሪያዋ ከማሕፀን ውጭ የተጸነሰች ሕፃን ተወልዳለች፤ ከዚያ ወዲህ ብዙዎች በሕክምና ደስ ብሏቸዋል። ለዘመናት በሴቲቱ ላይ ብቻ ይጫን የነበረው ክስም ወድቋል፤ ምክንያቱ ከወንዱ፣ ከሴቲቱ ወይም ከሁለቱም ሊሆን እንደሚችል፣ አንዳንዴም ጨርሶ እንደማይገኝ ሐኪሞች ያረጋግጣሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ዘገባ ከ6 ሰው 1 ያህሉ በዕድሜው ውስጥ መውለድ የመቸገር ፈተና ያጋጥመዋል። ይህ ማለት በአንድ ቅዳሴ ላይ ከቆሙት ምእመናን መካከል ብዙዎች ይህን ኀዘን ዝም ብለው ተሸክመዋል ማለት ነው። ባል ሳያገኙ ዕድሜያቸው የሄደውን፣ ወልደው የቀበሩትን፣ ጽንስ የወረደባቸውን ብንጨምር ቍጥሩ ይበዛል።

እንግዲህ ይህ ረጅም ታሪክ ለአጽናኝ የሚያወርሰው ምክር ጥቂት ነው። እንደ ዔሊ ሳትሰማ አትፍረድ፤ ከፈረድህም እንደ እርሱ ተመልሰህ ባርክ። እንደ ሕልቃና ሰውዬው ያጣውን በራስህ ወይም በሌላ ነገር አትለካበት። የኢያቄምን መባ እንደከለከለው ሰው፣ ከማኅበሩ፣ ከምርቃቱ፣ ከማዕዱ አታግልል። «መቼ ነው የምትወልጂው?» የሚለውን ጥያቄ ከአፍህ አጥፋ። የሐናን ታሪክ ስትሰብክ የጃንደረባውንም ታሪክ ጨምር፤ ከቁልቢ ባዶ እጅዋን የምትመለሰው እኅት ስብከቱ ውስጥ ስፍራ ታግኝ። ከሁሉም በላይ እንደ ፊልጶስ ወደ ሠረገላው ውጣና አጠገባቸው ተቀመጥ። «የእገሌ እናት» ተብላ የማትጠራዋንም ሴት በራስዋ ስም፣ በአክብሮት፣ ደጋግመህ ጥራት።

ለለመነ ልመናውን፣ ላላገኘም የማይጠፋውን ስም ይስጥልን።